የሰው ፊት እሳት ነው

ከሲያትል

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በደቡብ ሲያትል ሬይኒየር ሸለቆ በአንድ የኪራይ አዳራሽ ውስጥ የእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ተካሄደ። የእድሩን ስም አንጠራም። ነገሩ በአትላንታም፣ በቶሮንቶም፣ በፍራንክፈርትም ባለ የአበሻ እድር ውስጥ ሊደርስ የሚችል በመሆኑ ስሙ የሚጨምረው ነገር የለም። ሰማንያ ያህል ሰው ተገኝቷል። ቡናው ተፈልቷል፣ ድፎው ተቆርሷል፣ ልጆች በወንበሮቹ መካከል ይሯሯጣሉ። ሊቀመንበሩ አራተኛውን አጀንዳ አነበቡ። ሦስት ወር በተከታታይ መዋጮ ያልከፈለ አባል ያለ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ ከእድሩ ይሰረዝ የሚል የደንብ ማሻሻያ ነው።

«አስተያየት ያለው?» አሉ ማይክሮፎኑን ወደ ሕዝቡ ዘርግተው።

ዝም።

«ተቃውሞ ያለው?»

አሁንም ዝም። አንድ ሰው አሳለ። አንዲት እናት ልጇን «ተው፣ ቁጭ በል» አለች። «እንግዲያው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብለው ሊቀመንበሩ ወደ አምስተኛው አጀንዳ አለፉ።

እኛ፣ ማለትም የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ፣ ከኋላ በኩል ተቀምጠን ነበር። አንድ የምናውቀው አባል ነበር፤ ሌሊት ታክሲ ሲነዳ የኖረ፣ ኩላሊቱን ታሞ ከክረምት ጀምሮ ሥራ ያቆመ ሰው። የመዋጮው ነገር እንደሚያስጨንቀው ከሳምንታት በፊት በራሱ አንደበት ነግሮናል። በዚያ ቀን አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። አፋችን ውስጥ ግን አራት ቃል ይዘንለት ነበር፤ «በሕመም ምክንያት መክፈል ያልቻለስ?» የሚል። ልባችን ይደልቅ ጀመር። ምላሳችን ከላንቃችን ጋር ተጣበቀ። እጃችን ከጉልበታችን ላይ ሳይነሣ አጀንዳው አለፈ።

ማታውን ጉድ ፈላ። ገና ቤት ሳንደርስ የእድሩ የስልክ ግሩፕ በመልእክት ተጥለቅልቋል። «ይህ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?»፣ «ደንቡ ሕገ ወጥ ነው!»፣ «እድር ነው ወይስ ባንክ?» አጠገባችን ተቀምጦ ጫማውን ሲያይ የዋለው ሰው ስድስት አንቀጽ ጽፏል። እኛም አልቀረንም። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር በቦታው የተቀመጠለት ረጅም ጽሑፍ አሰፈርን፤ በርካታ አውራ ጣትም ተቀሰረልን። በማግስቱ ጠዋት ሊቀመንበሩ አንድ መስመር መለሱ፤ «ወገኖቼ፣ ትናንት ማይክሮፎኑ እጄ ላይ እያለ ለምን አልተናገራችሁም?» ምን ይባላል?

ሰውየው በጥር ወር አረፈ። እድሩ በደንቡ መሠረት አልከፈለም። ወገን በኢንተርኔት ተለማምኖ፣ ሃያም አምሳም ዶላር እያዋጣ፣ አስከሬኑ ከብዙ ቀን በኋላ አገሩ ገባ። ለቅሶ ቤት ሄደን ተቀመጥን። ባለቤቱ ስለ እድሩ አንድም ነገር አልጠየቁንም። ቢጠይቁን ይሻለን ነበር።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ይህንን ነገር ስናብሰለስል ከርመናል። ለመሆኑ ምን ያዘን? ሃሳብ አጥተን አይደለም። ያ ሁሉ ሰው በስልክ የጻፈውን ማታ ያነበበ ሃሳብ አጡ አይለንም። ዱላ የያዘ ካድሬም አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። እንግዲህ የቀረው የሰው ፊት ነው። አባቶቻችን የሰው ፊት እሳት ነው ይላሉ።

በመጀመሪያ ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ እንናገር። እ.ኤ.አ. በ1993 በጀርመን የትሪር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰውን በቤተ ሙከራ ውስጥ ለማስጨነቅ አስተማማኝ መንገድ ፈልገው አንድ ዘዴ አቀረቡ። ኤሌክትሪክም መርፌም አላስፈለጋቸውም። ሰውየውን ፊታቸውን በማይፈቱ ዳኞች ፊት አቁመው ንግግር ያስደርጉታል፤ ቀጥለው ጮክ እያለ ቁጥር እንዲቀንስ ያዙታል። የጭንቀት ሆርሞን የሚባለው ኮርቲሶል በምራቁ ውስጥ ሲጨምር ይለካል። ዘዴው በዓለም ዙሪያ ባሉ ቤተ ሙከራዎች እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በታተሙት ጥናት ላይ ተማሪዎችን የሚያሳፍር ሥዕል ያለበት ካናቴራ አልብሰው ሰው ወዳለበት ክፍል አስገቧቸው። ተማሪዎቹ ከክፍሉ ሰው ግማሽ ያህሉ ሥዕሉን አይቶብናል ብለው ገመቱ። ያየው ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። ከዚያው ቤት የወጣ ሌላ የ2003 ጥናት ደግሞ ንግግር ሊያደርጉ ለተዘጋጁ ሰዎች «ፍርሃታችሁ ለእናንተ የሚሰማችሁን ያህል ለአድማጭ አይታይም» ብሎ አስቀድሞ መንገር ብቻ ንግግራቸውን እንዳሻሻለው አሳየ። ይህንን ስናነብ በግማሽ ተጽናናን፣ በግማሽ አዘንን። ያን ቅዳሜ የልባችንን ድለቃ ከእኛ በቀር የሰማው አልነበረም ማለት ነው።

ይህ የሰው ልጅ ሁሉ ድርሻ ነው። የእኛ ግን ተጨማሪ አለበት።

ኢትዮጵያዊ በተፈጥሮው ዓይነ አፋር ነው፣ ይሉኝታ ይይዘዋል የሚሉ አሉ። እኛ ግን በግማሽ ልብ ነው የምንቀበለው። በላ ልበልሃ ተባብሎ ሸማውን አደግድጎ፣ በትሩን እየወዘወዘ፣ በቅሎና ማር እየተወራረደ በአደባባይ ሲሟገት የኖረ ሕዝብ ነው። መንገደኛ እንኳ ዛፍ ሥር ዳኛ ሆኖ ይቀመጥ ነበር። ንግግር የማያውቅ ባላገር ርስቱን ያጣል። የአገሪቱ ከፍተኛ ዳኛ ማዕረግ «አፈ ንጉሥ» የነበረው በአጋጣሚ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ያሰናዳውን ቅኔ ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል፤ የሚታረመውም ጓደኞቹ እየሰሙ ነው። ለቅሶ ላይ የሚያወርዱ፣ ሠርግ ላይ የሚመርቁ፣ ሽምግልና ላይ ነገር የሚያበርዱ ሰዎች የማይክሮፎን ሥልጠና አልወሰዱም።

እርግጥ ነው፣ አደባባዩ ለሁሉም እኩል አልነበረም። ልጅ በትልቅ ሰው ፊት አይናገርም ተብለን አድገናል። ሴቶችን በተመለከተማ «ሴት በዛ ጎመን ጠነዛ» የሚል ተረት ያቆየልን ባህል ነው። ዛሬም ሲያትል ውስጥ ማይክሮፎኑ በወንዶች መካከል ሲዞር እናቶች ረከቦቱ ዘንድ ናቸው። ይህንን የምንጽፈው ለወግ አይደለም፤ ቆይተን እንመለስበታለን።

ስለ አደባባይ ንግግር ሲነሣ ጄኔቫን ማለፍ አይቻልም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሙ። አገራቸው ተይዛለች፤ ስደተኛ ናቸው፤ እንደ እኛው ማለት ነው። ሊናገሩ ሲሉ በጋዜጠኞች ሰገነት ላይ የነበሩ የጣልያን ጋዜጠኞች ፉጨትና ጩኸት አወረዱባቸው። ፖሊስ እየጎተተ እስኪያስወጣቸው ድረስ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ተናገሩ፤ በአማርኛ። ፈረንሳይኛውን አሳምረው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ነገር ግን በሰው ቋንቋ ከመሰናከል በራሳቸው ቋንቋ መቆምን መረጡ። ስለ ንጉሡ አገዛዝ ያለን አስተያየት ሌላ ጉዳይ ነው፣ ብዙ ተጽፎበታል። ድምፃቸው ለስላሳ እንደነበረ ግን በመቅረጫ የቀረውን የሰማ ሁሉ ያውቃል። ጮክ ብሎ መናገር ሌላ፣ መናገር ሌላ።

እንግዲህ ይህ አንደበት የት ገባ? እኛ የምናውቀውን እንናገር።

አባታችን ቤት ውስጥ ሲያወጉ ግድግዳ የሚያስቁ ሰው ነበሩ። ጎረቤት በቡና ሰበብ የሚመጣው የእሳቸውን ወግ ፍለጋ ነው። እሑድ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ይጠራል፤ መቅረት አይቻልም፤ ስም ይጠራል። አንዳንድ ጊዜ እኛንም ይዘውን ይሄዳሉ። እዚያ ሲደርሱ እኚያ ወገኛ ሰው ሌላ ሰው ይሆናሉ፤ ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ ያዞራሉ። አንድ ጊዜ ወዳጃቸው የሆነ የሰፈር ሰው ተነሥቶ ስለ ስኳር ጠየቀ። አዎን፣ ስለ ስኳር። በሕብረት ሱቁ የሚታደለው ስኳር ለምን አነሰ አለ። በሳምንቱ ማታ መጥተው ወሰዱት። ከአራት ወር በኋላ ሲመለስ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣ ጀመር። ይህንን አባታችን በቀልድ መልክ ይነግሩናል፤ እየሳቁ ግን አይደለም።

ዘመኑም እንዲያ ነበር። ሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ላይ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች እያነሡ ከመሬት ሲፈጠፍጡ የአገሪቱ ታላቁ ንግግር እርሱ ሆነ። አደባባይ መናገር የአንድ ሰው፣ ማጨብጨብ የሌላው ሁሉ ሥራ ተደረገ። ሌላው ሰው በአደባባይ አፉን የሚከፍተው ሂስና ግለ ሂስ ሲያደርግ፣ ማለትም ራሱን ሲከስ ነው።

ደርግ ሲወድቅ እኛ ወጣት ነበርን። ቀጥሎ በመንግሥት ጋዜጣ ላይ ተቀጠርን፣ በኋላም አዘጋጅ ሆንን። እዚያ ቤት ግለ ሂስ «ግምገማ» ተብሎ ጠበቀን። ተነሥተህ የተናገርከው በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል፤ ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ፋይሉ ሹመትም ዝውውርም በመጣ ቁጥር ይገለጣል። የጻፍከው ግን ይታረማል፣ ይሰረዛል፣ እንደገና ይጻፋል። ስለዚህ ጸሐፊ ሆንን። ለዓመታት የሰው ንግግር ስናርም ኖርን። ሚኒስትሩ «አስታወቁ»፣ ኮሚሽነሩ «ገለጹ»፣ የቢሮ ኃላፊው «አስገነዘቡ»፣ ከሁሉም በላይ ያሉት ደግሞ «አሳሰቡ»። ለአንድ «አለ» የሚሆን ደርዘን ግሥ ነበረን። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ እኛ ራሳችን ያስታወቅነውም፣ ያሳሰብነውም ነገር አልነበረም።

አንድ ጊዜ ብቻ ሌላ ነገር አየን። በ1997 ዓ.ም. ከግንቦቱ ምርጫ በፊት የገዢው ፓርቲና የተቃዋሚ ሰዎች በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ሲከራከሩ ሻይ ቤት ሞልቶ መንገድ ላይ የፈሰሰውን ሰው አይተናል። በላ ልበልሃ ተመልሶ የመጣ መስሎ ነበር። ሰው ስለ መሬት፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ወደብ እንደ ኳስ ጨዋታ ይወራረድ ነበር። በምርጫው ማግስት የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። ከተከራካሪዎቹ ብዙዎቹ እስር ቤት ገቡ። እኛም አገር ለቅቀን ወጣን።

ስደት ላይ የጠበቀን ፓልቶክ ነው። የዚያን ዘመን ሌሊቶች የሚረሳ የለም። አንዱ ከስቶክሆልም፣ አንዱ ከጅዳ፣ አንዱ ከሜልቦርን ገብቶ፣ ወረፋ ይዞ፣ እጅ አውጥቶ ይናገራል። ስም የለም፣ ቅጽል ነው። «አንበሳው»፣ «ጣይቱ»፣ «የጎንደር ልጅ» የማይባል አልነበረም። አንዳንዱ በእውነት ተናጋሪ ነበር። አገር ቤት በግንቦት 1998 ዓ.ም. ድረ ገጾች ሲዘጉ ያ ክፍል ለብዙ ሰው መስኮት ሆኖታል። ስለዚህ አንንቀውም። ከዚያ ፌስቡክ መጣ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ክለብሐውስ መጣ፤ ዛሬ ቲክቶክ አለ። ወረርሽኙ በመጣ ጊዜም እድሩም፣ ማኅበሩም፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱም በዙም ሆነ። ጥቁር አራት ማዕዘን፣ ውስጡ «አይፎን» የሚል ስም። «ይሰማል? ይሰማል? ድምፅዎን ይክፈቱ እማማ!»

ስም የመደበቁን ነገር ደግሞ በፍርሃት ብቻ አንፈርጀው። አገር ቤት እናት አባት ያለው፣ ቤት የሠራ፣ ወንድሙ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው በስሙ ቢናገር ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ነው። ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ላይ የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎች የታሰሩት በስማቸው ስለጻፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ባወጣው ምርመራ መሠረት፣ አውሮፓና አሜሪካ ያሉ የኢሳት ጋዜጠኞችን ኮምፒውተር ለመሰለል የጣልያን ኩባንያ ሠራሽ የስለላ ሶፍትዌር ተልኮባቸዋል። ግድግዳ ጆሮ አለው የሚለው አባባል ባሕር ተሻግሮ መጥቷል።

ሆኖም የደበቅነው ስማችንን ብቻ አልነበረም። ፊታችንንም ለመድነዋል፤ መሸፈኑን ማለታችን ነው። ጆን ሱለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ጽሑፍ ሰው ማንነቱ ሳይታወቅና የአድማጩን ዓይን ሳያይ ሲናገር ልጓሙ እንደሚላላ አስረድቷል። መልካሙም ክፉውም ይወጣል ይላል። እውነት ነው። ስድባችን ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ካለ መልሱ ከፊሉ እዚህ ነው። በአዳራሽ የአድማጭህ ፊት ሲከፋው ታያለህ፤ ቃልህን ታለዝባለህ። በስልክ ፊት የለም። ደግሞም ስትጽፍ ማጥፋት አለ፣ መመለስ አለ፣ ዛሬ ላክልኝ የማለት ነፃነት አለ። ይህንን የለመደ ሰው አንዴ ከወጣ የማይመለሰውን የአደባባይ ቃል ይበልጥ ይፈራዋል። በእኛ ላይ የደረሰው ይህ ይመስለናል። ሃያ ዓመት በጽሑፍ ጀግና ሆነን ኖርንና አራት ቃል ከበደን።

ግንቦት 10 ቀን 2004 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዲሲ ሮናልድ ሬገን ሕንፃ ውስጥ ስለ ምግብ ዋስትና በተጠራ ጉባኤ ላይ ጋዜጠኛ አበበ ገላው ተነሥቶ አቶ መለስ ዜናዊ ፊት የጮኸውን ቪዲዮ ያላየ የዚህ ገጽ አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም። ያኔም ቢሆን ዘዴው አልተወደደለትም የሚሉ ነበሩ፤ የእኛ ነጥብ እርሱ አይደለም። ቪዲዮውን ብዙ ሺህ ሰው በኢንተርኔት ተቀባብሎታል። እኛም ተቀባብለናል። የተቀባበልነው ግን አንድ ሰው ከወንበሩ ስለተነሣ ነው።

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። ሲያትል የተናጋሪ ከተማ ናት። የከተማው ምክር ቤት ከመወሰኑ በፊት ሕዝብ ይናገራል። ስምህ ሲጠራ ትቆማለህ፤ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይሰጥሃል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ይደወላል። ከወረርሽኙ ወዲህ በስልክም መናገር ይቻላል። አማርኛ ከተማዋ ማስታወቂያዎቿን ከምታስተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ አስቀድሞ የጠየቀም አስተርጓሚ ያገኛል። የዋሽንግተን ግዛት ሕዝባዊ ስብሰባዎች ክፍት እንዲሆኑ የሚያዘው የ1971 ሕግ በ2022 ሲሻሻል፣ የመጨረሻ ውሳኔ በሚሰጥበት መደበኛ ስብሰባ ሁሉ የሕዝብ አስተያየት በቃል ወይም በጽሑፍ እንዲሰማ አስገድዷል። በዚያው ሕግ ውስጥ እኛን ያስደነቀን ሌላ አንቀጽ አለ። ስብሰባ ለመግባት ማንም ሰው ስሙን እንዲያስመዘግብ መገደድ የለበትም ይላል። የቀበሌውን ስም ጠሪ የምናስታውስ ሰዎች ይህንን ሁለቴ አነበብነው።

የተጠቀሙበትም አሉ፤ ይህ ሊነገርላቸው ይገባል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 2015 የሲያትል ምክር ቤት የታክሲና የስልክ መተግበሪያ ሾፌሮች ተደራጅተው በኅብረት እንዲደራደሩ የሚፈቅደውን ሕግ በሙሉ ድምፅ አጽድቋል። በአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ቀን በፊት ማይክሮፎኑ ዘንድ ከተመላለሱት ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ሾፌሮች ናቸው፤ የእኛም ሰዎች ነበሩባቸው። እንግሊዝኛቸው ይሰበራል፣ ወረቀታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ደወሉ አናታቸው ላይ ይደወላል። ሕጉ በኋላ በፍርድ ቤት ክርክር ተተብትቦ እንደታሰበው ሥራ ላይ አልዋለም። ሰዎቹ ግን መምጣታቸውን አልተዉም፤ በ2020 ምክር ቤቱ የሾፌሮችን ዝቅተኛ ክፍያ ወሰነ፤ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ያ ያረፈው ወዳጃችን ከእነዚህ ሾፌሮች አንዱ ነበር። አንድ ምሽት ከሥራ ሲመልሰን ስለዚያ ቀን አጫውቶናል። «ጋሼ፣ እግሬ ሲንቀጠቀጥ መሬቱ የሚንቀጠቀጥ መሰለኝ» ብሎ ሳቀ። እርሱ ለማያውቃቸው ሾፌሮች ሁለት ደቂቃ ተናግሯል። እኛ ለእርሱ አራት ቃል አልተናገርንም።

ከለቅሶው በኋላ ያደረግነውን ብንናገር አንባቢ ይስቅ ይሆናል፤ ይሳቅ። ቶስትማስተርስ የሚባል የንግግር መለማመጃ ክበብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1924 በካሊፎርኒያዋ ሳንታ አና ከተማ ራልፍ ስሜድሊ የተባሉ ሰው የጀመሩት ነው፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ቅርንጫፍ አለው። ባለፈው የካቲት ሠፈራችን አቅራቢያ ወደሚሰበሰበው ሄድን። አሥራ አራት ሰው ነው፤ አንድ የባንክ ሠራተኛ፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ ቬትናማዊ ሽማግሌ፣ ሌሎችም። አንዱ ሰዓት ይይዛል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ መብራት ያበራል። አንዱ ደግሞ ተናጋሪው «እ… እ…» ያለበትን ቁጥር ይመዘግባል። ሥራው ይኸው ነው። በመጀመሪያው ቀን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሠላሳ አንድ ጊዜ «እ» ብለናል። ሲነበብልን አላዋረደንም። በግምገማ ቤት ያደግን ሰዎች ነንና ጥፋታችን ተቆጥሮ ከተነበበ በኋላ ጭብጨባ ሲከተል ምን እንደምንሆን ጠፍቶን ቆመን ቀረን።

ከዚያ ክበብ የተማርነው ጥቂት ነው። ንግግርን በሙሉ በቃል መያዝ እንደሚያሰናክል፣ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ መያዝ እንደሚበቃ፤ ከሰማንያው ሰው አንድ ደግ ፊት መርጦ ለእርሱ መናገር እንደሚቀል፤ ድምፅ ቢንቀጠቀጥ ማንም እንደማይሞት። ከቬትናማዊው ሽማግሌ ጋር ደግሞ ወዳጅ ሆንን። እሳቸው ከአገራቸው ሲወጡ አፋቸውን እዚያው ትተው እንደመጡ ነገሩን። ለዚህ ማስረጃ አላስፈለገንም።

በመጋቢት መጨረሻ እድሩ እንደገና ተሰበሰበ። አዳራሹም፣ ድፎውም፣ ልጆቹም ያው ናቸው። በልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ ሊቀመንበሩ «አስተያየት ያለው?» ሲሉ እጃችን ወጣ። ከወንበራችን እስከ ማይክሮፎኑ ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ያን ዕለት ግን ረዘመብን። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ይዘናል፤ «በጥቅምት ወር በዚህ አዳራሽ ዝም ካሉት ሰዎች አንዱ ነኝ» የሚል ነበር። እርሱን አልን። ከዚያ በኋላ ያልነው እንዳሰብነው አልሆነም። የደንቡን አንቀጽ ቁጥር ተሳሳትን። የሟቹን ስም ስንጠራ ድምፃችን ተሰበረና ውሃ ጠየቅን። «በሕመም ምክንያት መክፈል ያልቻለስ?» የሚለውን ግን አልን፤ ከአምስት ወር በኋላ።

ማንም አላጨበጨበም። አንድ ሰው «ደንብ ደንብ ነው» ብሎ ተነሣ፤ ሌላው የገንዘቡ ካዝና የሚችለውን ያህል መሆን አለበት አለ። ሁለቱም በአደባባይ፣ በስማቸው፣ ፊታቸው እየታየ ተናገሩ። አልተስማማንባቸውም፤ ነገር ግን ማታ በስልክ ከሚመጣው ስድብ ጋር ሲነጻጸር ሁለቱም ጨዋ ነበሩ።

ከዚያ ከረከቦቱ በኩል አንዲት እናት ስኒ እንደያዙ ቆሙ። ማይክሮፎኑ ሲሰጣቸው «አልፈልገውም፣ ይሰማል» አሉ። በእርግጥም ተሰማ። «ልጆቼ፣ እኔም የሁለት ወር ዕዳ አለብኝ። በሚቀጥለው ወር ልሰረዝ ነው ማለት ነው? ቡናውን ማን ሊያፈላላችሁ?» አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሳቁ ሳያልቅ ሌላ እጅ ወጣ፤ ቀጥሎም ሌላ። አንዷ ወጣት በእንግሊዝኛ ተናገረች፣ አባቷ ተረጎሙላት። ሊቀመንበሩ ሰዓት አልቋል እስኪሉ አሥራ አንድ ሰው ተናግሯል፤ ቆጥረናል።

ደንቡ በዚያ ቀን አልተሻረም። እንደ ወጋችን አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሕመምን፣ ሥራ ማጣትንና የሟቹን ቤተሰብ ጉዳይ አጥንቶ ለሚቀጥለው ጉባኤ እንዲያቀርብ ታዘዘ። እኛንም መረጡን፤ የኮሚቴው ጸሐፊ አድርገው።